ፈቃደ ጡት እምቢ ያለ ሰሞን

አበቡ ባዘዘው ግራ ሲገባት ቤት ትጠርጋለች። ነገሩ ከበድ ካለ ደጁንም ትጨምራለች። በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት በቀን አራት ጊዜ ጠርጋ፣ ደጁን ጠርጋ፣ የጎረቤቷን የእትዬ ውብአየሁን ደጅ ሳይቀር ጠርጋ ስትጨርስ ግራ መጋባቷ ካለበት ፈቀቅ አላለም። የሦስት ወር ልጇ ፈቃደ ጡት አልይዝም ካለ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

ቢያለቅስ አንድ ነገር ነው። ቢያተኩስም አንድ ነገር ነው። ፈቃደ አያለቅስም፣ አያተኩስም። ጡት ሲሰጠው በምላሱ ቀመስ ያደርግና ሰርግ ቤት ጠግቦ እንደተነሣ ሽማግሌ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ጣሪያውን እያየ ፈገግ ይላል። አበቡን የሚያስፈራት ይህ ፈገግታ ነው። ሳይበላ የሚስቅ ሰው የት አለ?

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳው ነበር። ጤና ረዳቷ መዘነችው፣ አፉን ከፍታ አየችው፣ ሆዱን መታ መታ አድርጋ ሰማችው።

«ልጁስ ደህና ነው። የከሳሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ትበያለሽ?»

«እበላለሁ» አለች አበቡ፣ ወለል ወለሉን እያየች።

አበቡ የተወለደችው እዚያው አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነው፤ ከተማዪቱና እሷ አብረው ነው ያደጉት። አባቷ አቶ ባዘዘው ከጎጃም ከአውራ ጎዳና ጋር የመጡ የግሬደር ሠራተኛ ናቸው። «አርባ ምንጭን የቆረቆርናት እኔና ግሬደሩ ነን፤ ሌላው ሁሉ እንግዳ ነው» ማለት ይወዳሉ። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። ጋሞኛን አበቡ የለቀመችው ከገበያ ነው። ስኳር ድንች፣ በቆሎ፣ ዶሮ፣ ፍየል፣ «ቀንሽልኝ»፣ «ውድ ነው፣ ተይው»። በጋሞኛ መግዛት ትችላለች፤ ማዘን ወይም ይቅርታ መጠየቅ ግን አትችልም። እስካገባች ድረስ ይህ ጎደሎ መሆኑን አላወቀችም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ውጤቱ ለኮሌጅ ሳይበቃት ሲቀር፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስታስተምር ነው ዳናን ያገኘችው። ዳና ኩልፎ ወንዝ ዳር ያሉትን የሙዝ እርሻዎች የሚከታተል የግብርና ሠራተኛ ነው። ወገኖቹ ከጨንቻ በላይ ያሉ ደገኞች ናቸው፤ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ጴንጤ ሆነዋል። አቶ ባዘዘው ሁለት ወር አኩርፈው በሦስተኛው ታረቁ። ልጁ ሲወለድ «ፈቃደ» ብለው ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ካኮረፉበት የተመለሱበት ካሳ መሆኑ ነው።

ፈቃደ በተወለደ በሳምንቱ የዳና እናት አንድ ቅል ቅቤና አንድ ጆንያ ገብስ ይዘው ከደጋ ወረዱ። ሰው ሁሉ «የዳና እናት» ነው የሚላቸው፤ አበቡም እንዲሁ ትላለች። ለብርድ የተሠሩ ሰው ናቸው። የሲቀላ ሙቀት ስለማይመቻቸው ከጠዋት ጀምሮ በሙዝ ቅጠል ያራግባሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ፈቃደ ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «እሱ» ሆኖ ጀምሮ «እሷ» ሆኖ ይጨርሳል። አበቡ ከሰዓት ከሰዓት ፊደል ታስቆጥራቸው ነበር። ጎበዝ ተማሪ ናቸው። ብቻ ያነበቡትን ሁሉ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር።

አበቡ ነገር በደንብ ሲያዝ ደስ የሚላት ሴት ናት። በቀበሌው ሴቶች ማኅበር የትምህርት ኮሚቴ ውስጥ አለችበት። ለሕፃን ቅቤ ማስዋጥ ጎጂ ልማድ መሆኑን መድረክ ላይ ወጥታ አስረድታ በጭብጨባ ወርዳለች። ቤቷም ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «አንደኛ፣ እጅ ሳይታጠብ ሕፃኑ አይነካም። ሁለተኛ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀምስም...» እያለ እስከ ሰባት ይወርዳል። እንግዲህ ሰባቱም እየተጠበቁ ልጁ ጡት እምቢ ካለ ሰው ምን ይበል?

ምክር እንኳ ሞልቷል። እትዬ ውብአየሁ «ዓይን ነው፤ ልጁን እንዲህ ፍንትው አድርገሽ ደጅ ታወጪዋለሽ» አለች። ዳና «ሙቀቱ ነው» አለ። የዳና እናት በአምስተኛው ቀን ሙዝ ቅጠላቸውን አስቀምጠው «ጎሜ ነው» አሉ።

ዳና ደነገጠ። «እማ፣ እኛ እኮ አምነናል!»

«እኔስ መቼ ካድኩ? ጠንቋይ ጥራ አላልኩም። በዚህ ቤት ጥፋት አለ፣ አልተነገረም። ያልተነገረ ጥፋት ጎሜ ነው። በከብት ይወጣል፣ በእህል ይወጣል፣ በልጅ ይወጣል። ቁጭ ብለን እንናገር ነው ያልኩት።»

አበቡ የዚያን ቀን የአሥራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ አገላበጠች። ጡት እጢ እንደሆነ፣ ወተት እንዴት እንደሚሠራ በራሷ ጽሕፈት ተጽፏል። ጎሜ የሚል የለበትም። ደብተሩን መልሳ የልጁን ጨርቅ ስታጥብ ግን እጇ እያሸ ልቧ ይቆጥር ጀመር። ምን አጥፍቻለሁ? አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ደግሞ «ይህን ማሰቤ ራሱ ኋላ ቀርነት ነው» ትልና ጨርቁን ትጨምቃለች። መልሳ ደግሞ «ታዲያ አንድ ነገር ካለ ለምንድን ነው ፊቴ የሚነደው?» ትላለች። በማኅበሩ መድረክ ላይ ቆማ የምታስተምር ሴት ቤቷ ውስጥ ጎሜ አስቆጠረች ቢባልስ? ልጁ ሳይጠባ ስድስተኛ ቀን ቢገባስ? ሁለቱን ብትመዝናቸው መድረኩ ቀለለባት። ይሁን፣ ነገ እሑድ ነው አለች።

እሑድ ከምሳ በኋላ የዳና አጎት ጋሽ ዳልጮ ከጫኖ መጡ። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት እስኪታሸግ ድረስ የምእመናኑ ሽማግሌ የነበሩ፣ አሁን ማንጎና ሙዛቸውን ብቻ የሚያስተዳድሩ ረጅም ሰው ናቸው። በቀኝ እጃቸው፣ እንደ ጋሞ የእርቅ ወግ፣ እርጥብ ሳር ይዘዋል። እትዬ ውብአየሁም ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና አንዱን በርጩማ ያዘች።

«እኔን የጠራኝ የለም፣ ግን መጥቻለሁ» አለች። «ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እዚያ ሆኜ ከምሰማ እዚህ ሆኜ ብሰማ ይሻላል።»

ጋሽ ዳልጮ በጋሞኛ፣ በኢየሱስ ስም ጸለዩ። ቀጥለው ሳሩን መሐል ወለሉ ላይ ጎዘጎዙት። አበቡ ጸሎት ነው ስትል ሳሩ መጣ፤ ጎሜ ነው ስትል «አሜን» ተባለ። ከማኅበሩ በለመደችው «አጀንዳው ምንድን ነው?» ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። በእናቷ ወግ ኃጢአት የሚነገረው ለነፍስ አባት ነው፤ በነጠላ ተከናንቦ፣ ጆሮ ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ። እዚህ አማት፣ ባል፣ አጎት፣ ጎረቤት ባለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ! ይህን ማን ይችላል?

የዳና እናት ቻሉ።

«ትልቅ እኔ ነኝ፣ እኔ ልጀምር» አሉ። ለአበቡ እንዲገባት ብለው በአማርኛ። «ውሃ ልትቀጂ ቦኖ ስትሄጂ ቅቤ አቀመስኩት። በጣቴ። ሆዷ ይለሰልስ ብዬ። ትንሽ።»

«ስንት ጊዜ?» አለች አበቡ።

«ትንሽ ነው። ሦስት ጊዜ።»

«በወር?»

«በቀን።»

አበቡ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እዚያ የተጻፈው...»

«አንብቤዋለሁ። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? “ቅ”፣ “ቤ” ብዬ አነበብኩ። አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ አደረግኩ። ሳላነብ ባደርግ ጎሜ የለብኝም ነበር።»

አበቡ ደሟ ፈላ። ልትነሣ ስትል ዳና ጉሮሮውን ጠረገ። ባሏ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደህና ነገር ተከትሎት እንደማይመጣ ታውቃለች።

«እኔም... ለምሳ ስመጣ... ትንሽ ሙዝ። ከኩልፎ ዳር ከማመጣው፣ በደንብ የበሰለውን። በጣቴ ጫፍ። ደግሞ ሲልሰው ደስ ይለዋል እኮ! ሙዝ አገር ተወልዶ...»

«አንተ! አንተ የግብርና ሰው አይደለህ?»

«ለዚያ ነው የማውቀው። ጥሩ ሙዝ ነው።»

እትዬ ውብአየሁ በርጩማዋ ላይ ተቁነጠነጠች። «እኔ ዘመድም አይደለሁ፣ ይሄም የናንተ ወግ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለች። ሁሉም ዞሮ አያት። «እሺ! ጤና አዳም ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ በስኳር። ስብሰባ ስትሄጂ አሮጊቷ ሸለብ ያደርጋቸዋል፣ ልጁ ይነጫነጫል፣ ምን ላድርግ? ስኳሩ ደግሞ የራሴ ራሽን ነው፤ የማንንም አልነካሁም!»

ጋሽ ዳልጮ ጣታቸውን አጠፉ። «ጠዋት ቅቤ። ምሳ ሙዝ። ከሰዓት ጤና አዳም በስኳር።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ልጅ ከኔ ይሻላል።»

ዳና ፍርፍር ብሎ ሳቀና የአበቡን ፊት አይቶ ዋጠው። እሷ ደግሞ ለመሳቅም ለማልቀስም ስታስብ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባትና በነጠላዋ ጫፍ አፈነቻቸው። ሦስት ሰው! ሦስቱም በየአገራቸው ልማድ፣ እያንዳንዱ ብቻውን የሠራ እየመሰለው! ልጁ ያ ሁሉ ፈገግታ... ጠግቦ ነው። በቃ፣ ጠግቦ ነው! ጎሜም ዓይንም ሙቀትም አይደለም። ነገሩ አለቀ ብላ ሳሩን ልታነሣ ጎንበስ አለች።

«አንቺስ?» አሉ ጋሽ ዳልጮ።

«እኔ ምን?»

«ሁሉም ተናገረ።»

ፊቷ ነደደ። ጠዋት ጠዋት የዳና እናት ለአራስ ወተት ያመጣል ብለው የገብስ አጥሚት ይሠሩላታል። ነጭ ሽንኩርትና ከደጋ ያመጡትን የቆየ ቅቤ ይጨምሩበታል። የዚያን ቅቤ ሽታ አትችለውም። እሳቸው እንዳያዩ የአጥሚቱን ቅል ይዛ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ጠጥታ ጠግባለች ተብሎ ስለሚታሰብ ደግሞ ሌላ ቁርስ የለም።

«አጥሚቱን አልጠጣሁትም» አለች በአማርኛ፣ ሳሩን እያየች። «ከመጡ ጀምሮ። ለእትዬ ውብአየሁ ፍየል ነው የምሰጣት።» ቶሎ ቶሎ ስለተናገረች የዳና እናት ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩት። «ንገራቸው» አለችው ዳናን።

ዳና በጋሞኛ ተናገረ። ለስላሳ፣ አጠር ያለ ነገር። የዳና እናት ፊት ምንም አልተለወጠም፤ «አይ፣ ምንም አይደል» እንደሚል ሰው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ፍየሏ የለችም» አለች አበቡ።

«የቷ ፍየል?»

«በተናገርከው ውስጥ ፍየል የለችም! ፍየል በጋሞኛ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። “ትኩስ ነው፣ አልጨረሰችም” ነው ያልካቸው።»

ዳና ጆሮው ድረስ ቀላ። አበቡ ትንፋሽ ወሰደች፤ በዚያች በገበያ ጋሞኛዋ፣ በዶሮ ዋጋ እንደምትከራከር ሴት እጇን ዘርግታ፣ ቃል በቃል እየቆረጠች ተናገረችው። «ያንቺ አጥሚት። እኔ አልጠጣ። ፍየል ጠጣ። ሦስት ወር።» ቋንቋው የምታከብራቸውን ሰው «አንቺ» አስባላት፤ ማክበሪያውን ከገበያ አልለቀመችውም።

የዳና እናት በመስኮቱ ወደ ጓሮ አዩ። ፍየሏ አጥሩ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች።

«እኔ ደግሞ ምን ቀንቷት ነው የወፈረችው እላለሁ!» አለች እትዬ ውብአየሁ። «ስለቴ ሠመረ ብዬ ጧፍ ሁሉ ወስጃለሁ!»

«ሽታው ነው?» አሉ የዳና እናት፣ ዓይናቸውን ከፍየሏ ሳያነሡ።

«ሽታው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አበቡ መልስ ፈለገች። በየትኛው ቋንቋ ትበል? በአማርኛ አማት የሰጠችን አልፈልግም የሚል ቃል እናቷ አላስተማረቻትም። በጋሞኛ የምታውቀው እምቢታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ «ውድ ነው፣ ተይው»። ያንን ለእኚህ ሴት እንዴት ይሉታል?

«እንጃ» አለች። «እኔ እንጃ፣ እማማ።» እማማ ብላቸው አታውቅም ነበር። ለምን ዛሬ እንዳለች አልገባትም። ወደ ጋሽ ዳልጮ ዞረች። «ጋሼ፣ ታዲያ የቱ ነው ጎሜው? ቅቤው ነው? ሙዙ ነው? ፍየሏ ናት? ወይስ ልጁ ዝም ብሎ ጠግቦ ነው?»

«እኔ በምን አውቄ» አሉ ጋሽ ዳልጮ ረጋ ብለው። «የተነገረ ተነግሯል። አሁን ልጁን ከእናቱ በቀር ማንም አይንካው። ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ።»

አበቡ የግድግዳውን ወረቀት አየች። ይሄ እኮ ተራ ቁጥር ሁለት ነው! ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ማንም ያልሰማው! ዛሬ ከሳር ጋር ሲመጣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። ልትቆጣ ይሁን ልታመሰግን ምርጫው ጠፋት።

ሁሉም ወጡና እሷና ፈቃደ ቀሩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ጣሪያውን እያየ ፈገግ አለ። ዘጠኝ ላይ ፈገግታው ቀረ። ዘጠኝ ተኩል ላይ መነጫነጭ ጀመረ፤ አሥር ላይ ለቅሶው ሰፈሩን ሞላው። ጡቱን ትሰጠዋለች፣ ይይዛል፣ እንደ ቅቤው ቶሎ አልመጣለት ሲል ተቆጥቶ ይለቃል። ከውጭ የዳና እናት ድምፅ ይሰማል።

«አንድ ጣት ብቻ! አንድ ጣት ምን ታደርጋታለች?»

«እማ!»

«ዳና፣ ልቀቀኝ።»

እትዬ ውብአየሁ ጆሮዋን ደፍና «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። አበቡ ላብ አጠመቃት። ወተቷ ቀንሶ እንደሆነስ? አምስት ቀን ሙሉ ሳይጠባ፣ እሷም ሳትበላ፣ ደርቆ እንደሆነስ? ዛሬ ተናዝዘው ነገ ጡቱ ባዶ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ልክ በዚያ ሰዓት የበሩ መጋረጃ ገለጥ አለና አንድ የአሮጊት እጅ ብቻ ገባ። እጁ ቅል ይዟል። አሸተተችው። ገብስና ጨው ብቻ ነው። ቅቤ የለበትም፣ ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። እጁ ተመልሶ ወጣ፤ መጋረጃው ተመለሰ። ልጁ እየጮኸ፣ እሷ ባንድ እጇ ይዛው፣ ቅሉን እስከ አተላው ጨለጠችው። ረሃብ እንደነበረባት ያወቀችው ያኔ ነው።

አሥር ተኩል አካባቢ ፈቃደ እንደገና ያዘ። ለቀቀ። ያዘ። ጨብጦ የነበረው ጣቱ ቀስ ብሎ ተፈታ። ከዚያ ጉሮሮው «ቅ» አለ፤ ሌላ «ቅ» ተከተለው።

የቀበሌው ጥበቃ ሸዋንዳኝ ጠመንጃውን አንግቶ በዚያ ሲያልፍ ያየው ይህ ነው፦ አራት ሰዎች አጥሩ ሥር ተደርድረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሽ ሳይሰማ ቁጭ ብለዋል።

«ምን ሆናችኋል? ለቅሶ ነው?»

እትዬ ውብአየሁ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ስብሰባ ከሆነ ለቀበሌ ይታወቃል። ጸሎት ከሆነ ደግሞ...» አለና ጋሽ ዳልጮን አስተውሎ አየ።

«ስብሰባም ጸሎትም አይደለም፣ ጓድ ሸዋንዳኝ» አለ ዳና በሹክሹክታ። «ልጄ እየጠባ ነው።»

ሸዋንዳኝ ጠመንጃውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረ። «ልጅ ሲጠባ ታዲያ አራት ሰው ውጭ ምን ይሠራል?»

ዳና እናቱን አየ። የዳና እናት ጋሽ ዳልጮን አዩ፤ ጋሽ ዳልጮ ሰማዩን አዩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች እትዬ ውብአየሁ፣ «ወይ ሂድ፣ ወይ ቁጭ በል፤ ድምፅህ ግን አይሰማ!»

ሸዋንዳኝ ግራ ቀኙን አየ። ምን እንደሚጠበቅ ማንም አልነገረውም። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአጠገባቸው ተቀመጠ።

መጋረጃው ውስጥ አበቡ ሁሉንም ሰምታለች። ሳቁ ከሆዷ እየተነሣ ጡቷን ይነቀንቀው ጀመር። ይለቀዋል ብላ ፈራችና ትንፋሿን ያዘች። ፈቃደ አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ ቅር እንዳለው ሰው አያትና፣ ይዞ ቀጠለ።